ጥላሁን ሦስት ሰው ሆነብኝ

ባለፈው ክረምት ለአባዬ ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ገዛሁለት። ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም። ትንሽዬ ስክሪን አላት፣ አምስት ቁልፍ አላት፣ የኢርፎን ቀዳዳ አላት፣ በጎኗ ደግሞ ሚሞሪ ካርድ ይገባል። በቃ ይኸው ነው። አባዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ሬዲዮኗ" ነው የሚላት። "ሬዲዮ እኮ አይደለችም" ስለው "ታዲያ ምንድን ናት?" አለኝና መልስ አጣሁ። ኤፍኤም መያዙንማ ትይዛለች፣ ግን ኢርፎኑ ካልተሰካ አይሰራም፤ አንቴናው የኢርፎኑ ሽቦ ነው።

ይሄን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው፤ ስልክ እያለ? እውነት ነው፣ ስልክ አለ። ወንድሜ ከዱባይ የላከለት ትልቅ ስማርት ስልክ ኮመዲኖ ውስጥ ተኝቷል። አባዬ ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው ነው፣ ጣቱ ደረቅ ነው፣ ስክሪኑን ሲነካው ወይ አይሰማለትም ወይ ያላሰበውን ነገር ይከፍትበታል። አንድ ቀን ዘፈን እከፍታለሁ ብሎ በእኩለ ሌሊት ለወንድሜ በቪዲዮ ደወለለት። ከዚያ ወዲህ አልነካውም። ከኪሱ የማትለየው ባለ ቁልፏ ስልክ ናት፤ እሷንም የሚወዳት አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ቀናት ስለምትቆይለት ነው። እኔም ቁልፍ ያለው፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ ዘፈኑ መሀል ማንም ደውሎ የማያቋርጠው ነገር ባገኝለት ይጠቀምበታል ብዬ አሰብኩ።

ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው የሚል ካለ አልከራከርም። አፕል የመጀመሪያውን አይፖድ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲያወጣ አምስት ጊጋባይት ነበር፣ አንድ ሺህ ዘፈን በኪስዎ እየተባለ ነው የተሸጠው፣ በ2022 ደግሞ የመጨረሻውንም አቆመው። እኛ ሰፈር ግን አይፖድ የያዘ ሰው ማየቴን እንጃ። እኛ የምናውቀው ያቺን ፍላሽ የምትመስለውን፣ አንድ ቀጭን ባትሪ የምትበላውን፣ አንገት ላይ በክር የምትንጠለጠለውን የቻይና ኤምፒ3 ነው። ሃይስኩል እያለን አንድ ልጅ ነበረው። አንዱን ጆሮ ለራሱ፣ ሌላውን በተራ ለክፍሉ ሰው ሁሉ።

መጀመሪያ ላይ አቋራጭ ሞከርኩ። ካርዱን ይዤ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ጋ ሄድኩ፣ "የድሮ ዘፈን ሙላልኝ" አልኩ፣ በሩብ ሰዓት ሞልቶ ሰጠኝ። ቤት መጥቼ ስከፍተው ስድስት መቶ ምናምን ዘፈን አንድ ፎልደር ውስጥ ተዘርግፏል። ግማሹ ድግግሞሽ ነው። ግማሹ ስሙ ቁጥር ነው። የቀረው ደግሞ በዘፋኙ ስም ቦታ የቴሌግራም ቻናል ማስታወቂያ ተጽፎበታል። አባዬ አንድ ሰዓት ያህል ቁልፉን ሲጫን ቆየና ኢርፎኑን አውልቆ "የኔዎቹ የሉበትም" አለኝ።

የሱዎቹ ማለት ካሴቶቹ ናቸው።

አባዬ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ኤንትሬ ከነተሳቢው። ቁም ሳጥኑ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የታሰሩ 43 ካሴቶች አሉ፣ እናቴ ሁለት ጊዜ ልትጥላቸው ሞክራለች። ግማሾቹ ክዳን የላቸውም። አንዱን አንስቼ ሳራግፈው ቀይ ደቃቅ አሸዋ ወረደ፤ አባዬ አየት አደረገና "የሚሌ ነው" አለ። እንዴት እንዳወቀ እሱ ይወቀው። ወረቀታቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ፀሐይ በልቶታል። እንዲያውም የሚበዙት ከሙዚቃ ቤት የተገዙ አይደሉም፤ ጓደኛው ከጓደኛው የቀዳውን ሌላው የቀዳው ናቸው። ላያቸው ላይ በእስክሪብቶ "ምርጥ" ይላል። ሌላው ላይ "ምርጥ 2"። ሌላው ላይ ደግሞ የረዳቱ ስም ብቻ።

እንግዲህ ሥራው እዚህ ላይ ተጀመረ። ቴፑን ከአክስቴ ቤት ተዋስኩ። ሁለቱም ጫፉ ኢርፎን መሰኪያ የሆነ ገመድ ገዛሁ፣ አንዱን ጫፍ ቴፑ ላይ፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ ድምፅ ማስገቢያ ላይ። ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ነው፣ ነፃ ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። ከዚያ በኋላ ግን አቋራጭ የሚባል ነገር የለም። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመቅዳት አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ከዚያ ገልብጦ መክተት አለ፣ በመሀል መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ከሀ።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር ስለ ኮምፒውተር አይደለም፣ ስለ ጥጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ካሴቶች ስቀዳ ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደሚዘፍን ሰው ታፈነብኝ። ካሴቶቹ አርጅተዋል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። አባዬ መጣ፣ ሰማ፣ ጆሮ ማጽጃ ጥጥና አልኮል አምጪ አለኝ። የቴፑን ክዳን ከፍቶ ካሴቱ የሚያልፍባትን፣ ሄድ የምትባለውን ያቺን የምታብለጨልጭ ብረት ጠረጋት። ጥጡ ቡና ሆኖ ወጣ። ከዚያ ትንሽዬ ፊሊፕስ ካቻቪቴ ጠየቀ። ከዚያች ሄድ ጎን አንዲት ብሎን አለች፣ ዘፈኑ እየተጫወተ እሷን በጣም በጥቂቱ፣ የፀጉር ያህል፣ ወዲህና ወዲያ ሲያደርጋት ድምፁ በድንገት ከብርድ ልብሱ ወጣ። ጸናጽሉ ተሰማ! ሄዱ ካሴቱ ከተቀዳበት ቴፕ ጋር እኩል ካልቆመ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ካሴት እንደገና ማስተካከል ነበረብኝ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የተቀዳው በሌላ ሰው ቴፕ ነው። አራቱንም ደግሜ ቀዳኋቸው።

ድምፁን ስትቀዱ ጠቋሚው ቀዩ ጋ እንዳይደርስ ዝቅ አድርጉት። ዝቅ ያለውን በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ የተሰነጠቀውን ግን ማንም አይጠግነውም። ዋናውን ሳይጨመቅ አስቀምጡ፣ በደቂቃ አስር ሜጋባይት ያህል ነው፣ አንድ ካሴት ስድስት መቶ ይበላል፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ለማጫወቻዋ ግን ኤምፒ3 ይበቃል። እኔ ጥራቱን 192 ኪሎቢት በሰከንድ ላይ አደረግኩት። 320 ካልሆነ የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፣ ከካሴት ላይ ለተቀዳ፣ ያውም የቅጂ ቅጂ ለሆነ ነገር ሹክሹክታውን በጥራት ከማስቀመጥ በቀር ምን እንደሚጠቅም አልገባኝም። በ192 ሲሆን 32 ጊጋ ካርድ ላይ ከሦስት መቶ ስልሳ ሰዓት በላይ ይገባል። ሌት ተቀን አሥራ አምስት ቀን ማለት ነው። የአባዬ 43 ካሴቶች ሁሉም ተደምረው አራት ጊጋ አይሞሉም።

ካርድ ካልኩ አይቀር። የመጀመሪያው ካርድ ላዩ ላይ 128 ይላል፣ ርካሽ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ዘፈኖቹን ኮፒ ሳደርግ ምንም አላለም፣ ስማቸውም ተደርድሮ ይታያል። ግን ከተወሰነ በኋላ ያሉት ሲከፈቱ ዝም። እነዚህ ካርዶች ያልሆኑትን ነን ብለው ኮምፒውተሩን የሚያታልሉ ናቸው፤ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ የቀረውን እየዋጡ ያጠፉታል። ካርዱን ጫፍ ድረስ ሞልተው መልሰው የሚያነቡ ነፃ መሞከሪያዎች አሉ፣ ከመጫናችሁ በፊት አንዴ ሞክሩበት። ሁለተኛው ካርድ 64 ነበር፣ እውነተኛ ነው፣ ግን ማጫወቻዋ አላነበበችውም። ከ32 በላይ ያሉት ካርዶች ከፋብሪካ የሚመጡት ኤክስፋት በሚባለው አቀማመጥ ነው፣ ትንንሾቹ ማጫወቻዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያውቁት የድሮውን ፋት32 ብቻ ነው። ሌላ ፕሮግራም አምጥቶ ፎርማት ማድረግ ይቻላል፣ እኔ ግን ደክሞኝ ስለነበር 32 ገዝቼ ተገላገልኩ።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ ልምጣ፣ የቆየሁት እዚህ ነው።

እያንዳንዱ ኤምፒ3 ውስጥ ከድምፁ ሌላ አንዲት የቀበሌ መታወቂያ አለች። የዘፈኑ ስም፣ ዘፋኙ፣ አልበሙ፣ ዓመቱ። ማጫወቻዋ ስክሪን ላይ የምታሳየው ይቺን ነው፣ የፋይሉን ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር መታወቂያዋ ከፋይሉ ጭራ የተቀጠለች 128 ባይት ነበረች። ለዘፈኑ ስም 30 ቦታ፣ ለዘፋኙ 30 ቦታ። ለሙዚቃው ዓይነት ደግሞ ሰማንያ ዓይነት የተዘረዘረበት ሰንጠረዥ ነበር፣ ከዚያ ትመርጣለህ። ፖልካ አለበት። ትዝታ የለበትም። አምባሰልም ባቲም የሉም። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት መዝገብ ውስጥ የገባው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1999 ነው፣ በተለመደው አጻጻፍ ደግሞ አንዷ ፊደላችን ሦስት ባይት ትበላለች፣ ስለዚህ በዚያች በ30 ቦታ ላይ በግድ ብንጽፍባት እንኳ አሥር ፊደል ነው የምታስገባው። "ብዙነሽ በቀለ" ይገባል፣ የዘፈኑ ርዕስ መሀል ላይ ይቆረጣል። አዲሱ ዓይነት መታወቂያ ይሄ ችግር የለበትም፣ በአማርኛ እንደልብ ያጽፋል። ኤምፒ3ታግ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ጻፍኩ።

ታዲያ ስጽፍ ሌላ ጣጣ መጣ። ከካሴቶቹ በተጨማሪ ኮምፒውተሬ ላይ የነበሩ ዘፈኖች ነበሩ፣ እነሱንም ጨመርኳቸው። ጥላሁን ሦስት ሰው ሆነብኝ። ጥላሁን ገሠሠ በንጉሡ ሠ፣ ጥላሁን ገሰሰ በእሳቱ ሰ፣ አንድ ሌላ ደግሞ ገሠሰ፣ ከሁለቱም ያላጣ። ለኛ አንድ ሰው ነው፣ ለማሽኑ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። ዓለማየሁ እሸቴ ይባስ ብሎ አንዱ አ ጋ፣ አንዱ ዓ ጋ ሄዶ ተቀመጠ፣ መሀላቸው ላይ ከ እና ወ አሉ። ማህሙድም በሀሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ፣ በብዙኃኑ ኀ የሚጽፈው አይጠፋም። በእንግሊዝኛ የተጻፉትማ አይነሱ፣ የጥላሁንን ስም በአምስት ዓይነት አግኝቼዋለሁ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሰውን ከራሱ ጋር ሳገናኝ ዋልኩ። ደንቡ ቀላል ነው፤ የትኛው ልክ ነው ብላችሁ አትጨቃጨቁ፣ አንዱን ምረጡና ሁሉንም እሱ አድርጉ።

ሁሉን ጨርሼ፣ አምሮልኝ፣ ካርዱን ከትቼ አበራኋት። ስክሪኗ ላይ ምን ወጣ? □□□□ □□□። ሳጥን። ሁሉም ሳጥን። ጥላሁንም ሳጥን፣ ብዙነሽም ሳጥን። ፊደሉ ማጫወቻዋ ውስጥ የለማ! መታወቂያው ትክክል ነው፣ የሚያነበው ጠፋ።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆናቸው ማጫወቻዎች አሉ። ሮክቦክስ የሚባል በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ ነው፣ በአንዳንድ አሮጌ ማጫወቻዎች ላይ ከፋብሪካው ሶፍትዌር ጎን ሆኖ ወይም እሱን ተክቶ ይጫናል፣ የፊደሉን ዓይነትም መቀየር ያስችላል፤ ዩኒፎንት የተባለው ነፃ ፊደል ደግሞ የኛንም ይዟል። ማጫወቻ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ሮክቦክስ ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ መሆኗን አስቀድማችሁ እዩ። የአባዬ የለችበትም። እኔ ይሄን ያየሁት ከገዛሁ በኋላ ነው።

በላቲን ልጻፍለት? አባዬ የሰሌዳ ቁጥርና የመንገድ ምልክት ያነባል፣ ከዚያ በላይ በዓይን መነጽር ፍለጋ ነው። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ ነገሩ በራሱ መጣ፤ ይቺ ዕቃ የምትችለው ድምፅ ማሰማት ነው፣ ለምን ስሙን በድምፅ አትነግረውም?

እንዲህ አደረግኩ። ለእያንዳንዱ ካሴት አንድ ፎልደር፣ ስሙ ቁጥር ብቻ፤ 01፣ 02፣ እስከ 43። ውስጡ ያሉት ዘፈኖች 01፣ 02 እያሉ ይቀጥላሉ። የመጀመሪያው ፋይል ግን 00 ነው፣ እሱ ውስጥ የኔ ድምፅ አለ፤ "ካሴት አምስት፣ ብዙነሽ" ይላል፣ ሦስት ሰከንድ። አባዬ ፎልደር ሲቀይር ድምፄን ይሰማል፣ ካልፈለገው ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ርካሾቹ ማጫወቻዎች በቁጥር አይደረድሩም፣ መጀመሪያ ካርዱ ላይ የገባውን መጀመሪያ ነው የሚያጫውቱት። እኔ ሁሉንም ባንዴ ጎትቼ ስለጣልኳቸው ካሴት 30 ከካሴት 2 ቀድሞ ተገኘ። ካርዱን ባዶ አድርጌ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ፣ በተራቸው ኮፒ አደረግኩ። አሰልቺ ነው፣ ቡና ተፈልቶበት የሚሠራ ነው።

የመጨረሻው ማስተካከያ የድምፁ ከፍታ ነው። ካሴቱ ቀስ ብሎ ያወራል፣ አዲሱ ዘፈን ይጮኻል፣ ዘፈኖቹን እያቀላቀለ እንዲያጫውት ሹፍል ላይ ካደረጋችሁት ጆሮ ይበጥሳል። ኤምፒ3ጌይን ሁሉንም ወደ አንድ ከፍታ ያመጣል፣ ድምፁን እንደገና ሳይጨምቅ። ፕሮግራሙ ራሱ ያስቀመጠውን 89 ዴሲቤል ሳልነካ እንዳለ ተውኩት፣ ተስተካከለ።

በነገራችን ላይ ካሴት መገልበጥ የኔ ብቻ እብደት እንዳይመስላችሁ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 እዚያ የቀረፀውን ካሴት አንድ ፈረንጅ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አግኝቶ ገዛው፣ ሰውየውን ፈልጎ አገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመና ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። ይሄን ለአባዬ ስነግረው አልተገረመም። "ካሴት ምን ይሆናል ብለሽ ነው፣ ውሃ ካልነካው" አለኝ።

ደስ ብሎት ወሰዳት። በማግስቱ ጠዋት ግን ጋቢውን እንደለበሰ በሬ ላይ ቆሟል።

"አንቺ፣ ካሴት አሥራ ሰባት ላይ ምንድን ነው ያልሽው?"

"ማህሙድ፣ ከሮሃ ባንድ ጋር።"

"ሮሃ አይደለም። ያኔ ገና አይቤክስ ነበሩ። ሰው ቢሰማሽ ምን ይላል?"

ማን ይሰማኛል ብዬ ልከራከር ነበር፣ ትክክል መሆኑን ሳውቅ ተውኩት፤ አይቤክስ ነው በኋላ ሮሃ የሆነው። "እሺ አባዬ፣ አንተው ተናገረው" ብዬ የስልኬን ድምፅ መቅረጫ ከፍቼ ሰጠሁት። ስልኩን እንደ መገናኛ ሬዲዮ አፉ ጋ አስጠጋው። "ካሴት አሥራ ሰባት" ብሎ ጀመረ። ማህሙድን አለ፣ አይቤክስን አለ፣ ከዚያ ካሴቱን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ማንዳ ላይ ጎማ ፈንድቶ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፉ፣ ረዳቱ ጅብ መጣ ብሎ ጣሪያ ላይ እንደወጣ፣ ባትሪው እንዳይሞት ካሴቱን አንድ ፊቱን ብቻ እንደሰሙ፣ ጠዋት ያነሳቸው ሾፌር ማን እንደነበር፣ ያ ሾፌር በኋላ ምን እንደሆነ። ሲጨርስ አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር።

ሦስት ሰከንድ የነበረው 00 አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ። ልቆርጠው አልኩ፣ አልቆረጥኩትም። በሳምንቱ "አሥራ ስምንትም ተሳስተሻል" ብሎ መጣ። አልተሳሳትኩም ነበር። እስካሁን አሥራ ሰባት ካሴት ላይ ድምፅ ሰጥቷል፣ ሃያ ስድስት ይቀራል፣ አንዳንዱ አምስት ደቂቃ ነው፣ የአሰብ ወደቡ ሃያ ሁለት።

እሱ ራሱ 00ዎቹን አይሰማቸውም፣ ቁልፉን ተጭኖ ያልፋቸዋል። የምትሰማቸው እናቴ ናት። ከሰዓት በኋላ እሱ ጋደም ሲል ማጫወቻዋን ከኮመዲኖ ታነሳለች፣ የሽሮ እህል እየለቀመች አንዱን ኢርፎን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች። ቁልፍ መጫን አትወድም፣ ዘፈኑ ሲጀምር ትጠራኛለች። ባለፈው እሑድ "የሱን ወሬ ብቻ ለብቻው አድርጊልኝ" አለችኝ። 99 የሚል ፎልደር ከፈትኩ፣ አሥራ ሰባቱንም እዚያ ከተትኩ፣ አባዬ ቶሎ እንዳያገኘው ከሁሉም በኋላ መጨረሻ ላይ ኮፒ አደረግኩት።